የእትዬ ረውዳ ሙቀት

ባለፈው ረቡዕ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሐዋሳ ፒያሳ ካለችው ሱቄ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ የሸሚዜን ሁለት ቁልፍ ፈትቼ በካርቶን ቁራጭ እያራገብኩ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ከባጃጅ ወርደው ፊት ለፊቴ ቆሙ። እማማ ሳራ ናቸው። በደህናው ዘመን የገና ቀሚሳቸውን ከእኛ ሱቅ ሌላ ያሰፉበትን ቦታ አላውቅም፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንም ጨርቁን ተሸክመው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ልጃቸው ማዶ ካለው ፋርማሲ ደርሳ እስክትመለስ ጥላ ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ አስተዋሉኝና ፊታቸው በራ።

«ረውዳ! አንቺ ልጅ፣ አለሽ እንዴ? ይሄ ሙቀትሽ ዛሬም አልለቀቀሽም?»

ረውዳ ታላቅ እህቴ ናት። ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

«እማማ፣ እኔ ከማል ነኝ» አልኳቸው። «ወንድሟ።»

ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «እና ቅርንፉዱ የማን ነው?» አሉ። «እኔ እኮ ዓይኔን እንጂ አፍንጫዬን ሞራ አልያዘኝም።» ልጃቸው መጥታ ክንዳቸውን ያዘችና ይዛቸው ሄደች። ጥቂት እንደራቁ ዞር ብለው «በርቺ እሺ» አሉ። ለማን እንዳሉት አላወቅኩም።

እህቴ ጥርሷን ያማት ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቅርንፉድ ከጉንጯ አይጠፋም ነበር። እኔ ቅርንፉድ አልይዝም። ሱቁ ውስጥም የለም፤ መሳቢያውን ሁሉ ገልብጬ ፈልጌያለሁ። ሽታው ግን ከሙቀቱ ጋር አብሮ መምጣት ከጀመረ ወራት ሆኖታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ብቻ የሚሸት መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይሆናል፤ ሽንቴ እየቆራረጠ አስቸገረኝ። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ወገቤን ቀስፎ ሲይዘኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ፤ ወንድ ሁሉ ይዞት ይዞራል፤ እስኪያምፅበት ድረስ ግን ስሙን የሚያውቅ የለም። የእኔው አምፆ ካንሰር ሆኗል አሉኝ። ወጣቱ ዶክተር ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበሩን አስጠግቶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «አባባ፣ ይሄ ካንሰር የሚያድገው የወንድ ሆርሞን እየተመገበ ነው። በየሦስት ወሩ በምንወጋዎት መርፌ ምግቡን እንከለክለዋለን፤ ያኔ ይተኛል» አለኝ። «እሱ ሲጾም እኔስ ምን እሆናለሁ?» ስለው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ነገረኝ። ጉልበት ይቀንሳል፣ ሆድ አካባቢ ውፍረት ይመጣል፣ ጡት ሊያብጥና ሊያም ይችላል፣ የአልጋው ነገር ይቀራል፣ እንባ ቅርብ ይሆናል፣ አጥንት ስለሚሳሳ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። «ከሁሉ የሚያስቸግርዎት ግን ድንገት የሚመጣ ሙቀት ነው። ሴቶች የወር አበባቸው ሲቋረጥ የሚሰማቸው ዓይነት ነው፤ እንዳይደነግጡ» አለ።

ካንሰር ሲለኝ ያልደነገጥኩት ሰውዬ እዚያ ላይ ደነገጥኩ። «ለሴቶቹ ስንት ዓመት ይቆይባቸዋል?» አልኩት። ስለ ራሴ አለመጠየቄ ገርሞት አየኝና «ለአንዳንዶቹ ሁለት፣ ለአንዳንዶቹ ሰባት ስምንት ዓመት። ከዚያ በራሱ ጊዜ ያልፋል» አለ። የዚያን ቀን መርፌውን ተወግቼ ስወጣ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ጥምብ የሚለቅሙ ግዙፍ አሞራዎች፣ ተሰልፈው ቆመው ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ስኖር ሺህ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ፈርቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዞሬ በሌላው በር ወጣሁ።

ለባለቤቴ ለዘይነባ ግማሹን ነገርኳት። የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው፣ መርፌ ይወጉኛል አልኳት፤ ሌላውን ዋጥኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሙቀቱ ሲጀምረኝ ደግሞ «ወባ ናት» አልኳት። ሐዋሳ ኖሮ ወባ ይዞኛል ያለን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ሙቀቱ ከደረት ይነሳል። አንገትን ይይዛል፣ ጆሮ ጀርባ ይደርሳል፣ ፊት ይግላል፣ ልብ ይመታል፣ ከዚያ ላቡ ሸሚዙን ከጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥሎ ይሄድና ብርድ ይተካል። በቀን ስምንት አሥር ጊዜ። ዘይነባ እያየችኝ ምንም አትልም ነበር። ወባ ስንት ወር ሙሉ እንደማትመላለስ እኔም እሷም እናውቃለን።

እኔና እህቴ ከስልጤ አገር እዚህ የገባነው ከተማዋ ገና አዋሳ ስትባል ነው። እኔ ጢም ያላወጣሁ፣ እሷ ባሏ የፈታት ሴት። ከትዳሯ ይዛው የወጣችው አንድ ነገር ቢኖር የፔዳል ስፌት መኪናዋን ነው። ባልየው ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ሲሸኛት «መኪናዋን ግን ተዪ» ቢላት፣ በሽማግሌ ፊት መኪናው ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ጠይቄያት አላውቅም፤ ስታወራው ግን መኪናውን እየደባበሰች ነበር። ፒያሳ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራየን። እኔ ቆራጭ፣ እሷ ሰፊ። በኋላ ስም ሳወጣ እኔ «ከማል ልብስ ስፌት» ብዬ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ መኪናው የማን እንደነበር ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።

ያኔ የከተማዋ ሰው በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ እቃ ካለው ጋሪ በስሙኒ ይይዛል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ብትወርድ በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ቆሮሶ አሳ በክር አንጠልጥለህ ትመለሳለህ። ካኪ ሱሪ በአራት ብር ሰፍተን እናስረክባለን፤ ሙሉ ልብስ ሃያ አምስት፤ ከነገበሩ ከሆነ ሠላሳ። የቴትሮን ሸሚዝ ሲመጣ ጥጥ የለበሰ ሰው እንደ ባላገር ይታይ ጀመር። ከዚያ ቤልቦተም ሱሪ መጣ፤ እግሩ ሰፍቶ ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል፤ የአንዱ ጎረምሳ ሱሪ ከብስክሌቱ ሰንሰለት ተጠምዝዞ ባደባባይ ሲወድቅ አይተን እኔና እህቴ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የፋብሪካ ሠራተኞች ደሞዝ በወጣ ሰሞን ሱቃችን ደጃፍ ይሰለፋሉ። የሬዲዮናችን አንቴና ተሰብሮ በሽቦ ነበር የሚሠራው፤ ከቀትር በኋላ ዘፈን ምርጫ ሲጀምር እትዬ ረውዳ ፔዳሉን በዘፈኑ ልክ ትረግጥ ነበር። የሷ አረጋገጥ የራሱ መላ ነበረው፤ ሁለቴ ረግጣ ትንሽ ታርፋለች፤ ሁለቴ ረግጣ ታርፋለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ቃል የሌለው ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ዛሬ ልጁ ሁሉ ከሰልቫጅ የልባሽ ልብስ ክምር ጠባብ ጂንስ መርጦ ይለብሳል፤ ለእኔ የተረፈኝ ዚፕ መቀየርና የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ይሁን፤ ሆድ ሲብሰኝ ጊዜ የዩኒፎርም እጅጌ እየሰፋሁም ስላለቀስኩ ሥራው ማነሱ ሳይሻል አይቀርም።

ሙቀቱ እህቴን የጀመራት ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ቆይቶ ነው። ሃምሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። መርፌ ይዛ ድንገት ትቆማለች፤ ፊቷ ይቀላል፤ ሻሿን ከራሷ ላይ ትገፋለች፤ «ኡፍ፣ እሳት ገባብኝ» ትልና ደረጃው ላይ ወጥታ በካርቶን ታራግባለች። ከእኛ ካርቶን፣ የደረት መቁረጫ አድርገን ካዘጋጀነው። እኔ ወባ ነው አልኩ። ክሎሮኪን ገዛሁላት፤ ዋጠች፤ ሰውነቷን አሳከካት እንጂ ሙቀቱ አልሄደም። ደሟ ተመርምሮ ወባ የለባትም ቢባልም ሌላ ክኒን ገዛሁ። ደንበኛ ፊት ሻሿን ስታወልቅ እኔ ነበርኩ የማፍረው። በኋላ ሐይቅ ዳር ነፋስ ልትቀበል መሄድ ጀመረች፤ በቀትር፣ ብቻዋን፣ ራሷን ገልጣ። ያኔ ሰው ማውራት ጀመረ። ራሷን ገልጣ በቀትር ውሃ ዳር የቆመች ሴት ብቻዋን አትመለስም ይባላል፤ አብሯት የመጣ ነገር አለ ተባለ። ከእኛ ወገን የሆነች ጎረቤት ሱቃችን ስትገባ በእህቴ በኩል ላለማለፍ ግድግዳውን ይዛ ትዞር ጀመር።

አንድ ቀን ከተዘጋ በር ኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ መቀሱን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ። «ከማል፣ ስማኝ። በሽታ አይደለም፣ ጂኒም አይደለም። የሴት ነገር ነው። ዕድሜ ሲደርስ ይመጣል፤ እናታችንም ነበረባት። ያልፋል።»

«ኧረ እፈሪ!» አልኳት። «ለወንድ ልጅ እንዲህ ይወራል?»

ቃል በቃል ይኸው ነው ያልኩት። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን ብረሳው በወደድኩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፤ እኔ የሰደድኩት የገዛ እህቴ ቁስል ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ነገር የሙሽራ ልብስ ነበር። ነጭ ሳቲን፣ ደረቱ ላይ ዶቃ የሚለጠፍበት። እትዬ ረውዳ ዶቃውን ስትተክል ሙቀቱ መጣባትና ላቧ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ጠብ አለ። ሳቲን ውሃ ሲነካው ምልክቱ አይለቅም። የሙሽራዋ እናት ደርሰው ሲያዩ «ይቺን ምን የያዛትን ሴት ነው የልጄን የሠርግ ልብስ የምታስነካት?» ብለው ፒያሳን በጩኸት ሞሉት። የሱቃችን ስም ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ። ዘመድ ሰብስቤ አማከርኩ። ቆላው አልተስማማትም፣ ደጋ ትሂድ፣ ብርዱ ያድናታል ተባለ፤ የተባለው እኔ እንዲባል የፈለግኩት ነበር። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ወስጄ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። መኪናዋን ይዤ ልሂድ አላለችም። በመስኮት በኩል እጄን ይዛ «ሳቲኑን በሩዝ ውሃ ሞክረው» ብቻ አለችኝ። ሞከርኩት፤ አልለቀቀም።

አገር ቤት ከልጆች እንዳትቀላቀል ለብቻዋ ትንሽ ጎጆ ሰጧት። ከከተማ ምን ይዛ እንደመጣች ቀድሞ ወሬው ደርሷልና። ሁለት ክረምት ኖረች። ሙቀቱ ሲመጣባት ዝናብ ውስጥ ወጥታ ትቆም ነበር አሉ፤ አንዱን ቀን ከዝናቡ ስትመለስ ሳል ያዛት። ሳንባ ምች ነው የገደላት። ብርዱ ያድናታል ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ለቀብር ደርሼ አለቀስኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። ሐዋሳ ተመልሼ በማግስቱ መኪናዋ ላይ ተቀመጥኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። እስካሁንም የምሰፋው በሷ መኪና ነው።

አሁን የሚሆነውን ልናገር። ሦስተኛውን መርፌ ከተወጋሁ በኋላ አንድ ከሰዓት ዩኒፎርም ስሰፋ የመኪናው ድምፅ ተለየብኝ። ቀበቶው የላላ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀበቶው ደህና ነው። እግሬ ነው። ሁለቴ ረግጦ ያርፋል፤ ሁለቴ ረግጦ ያርፋል። ከሞተች ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ዝናብ ሳላቋርጥ የረገጥኩ ሰው ነኝ። ልለውጠው ብዬ እግሬን ባዝዘው አልታዘዝ አለኝ፤ መርፌው የጎዳው ጉልበቴ መሃል ላይ ዕረፍት ይፈልጋል፤ ዶክተሩን ብጠይቀው እንዲህ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለማንጎራጎሩ ግን ምን ይለኛል? ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ሰው «አባባ፣ ደስ የሚል ዜማ ነው፤ የየት አገር ነው?» ሲለኝ ነው ማንጎራጎሬን ያወቅኩት።

ከዚያ የወንድሜ ልጅ ሠርግ መጣና ለራሴ ሰደርያ ልስፋ አልኩ። ሰው የራሱን ልክ መውሰድ ይቸግረዋል፤ እኔ ግን የሰው ቁመት ካለው መስታወቴ ፊት ቆሜ ሁሌም ራሴው ነው የምወስደው። ሜትሩን በደረቴ ዙሪያ አዞርኩ። ጡቴ አብጦ ስለሚያመኝ ሳላጠብቅ ያዝኩት። መቶ አራት። ወገቤን፤ ዘጠና ስድስት። ዳሌዬን፤ መቶ አሥራ ሁለት። ልብስ ሰፊ ፊት ይረሳል እንጂ ልክ አይረሳም። በየዓመቱ ለአረፋ ለእህቴ ቀሚስ ለክቼ እቆርጥላት ነበር፤ የመጨረሻው ቀሚሷ ልክ መቶ አራት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሜትሩን ለቅቄ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ትከሻዬን ለካሁ፤ አርባ አምስት። የኔው ነው። ትከሻዬ ብቻ የእኔ ሆኖ ቀርቷል። መስታወቱን ቀና ብዬ ለማየት ድፍረት አላገኘሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ሰደርያውን ቆረጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወቱን በአቡጀዲ ሸፍኜዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እገልጠዋለሁ፤ ሲሄድ እሸፍነዋለሁ።

ስድስተኛው ቀጠሮዬ ሲደርስ እስከ ሆስፒታሉ በር ሄጄ ተመለስኩ። ሞትን ስለማልፈራ አይደለም፤ እፈራለሁ። ካቆምኩት ካንሰሩ ነቅቶ ወደ አጥንት እንደሚሄድ ዶክተሩ በግልጽ ነግሮኛል። በሳምንቱ ሲስተሯ ደውላ «አባባ፣ ቀጠሮዎ አልፏል፤ ለምን ቀሩ? ይሄ ቀልድ አይደለም» ስትለኝ አገር ቤት ነኝ ብዬ ዋሸሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በየመርፌው እኔ እየቀነስኩ እሷ እየጨመረች የመጣች ይመስለኝ ነበር። በእሷ መልክ እያለሁ የሚያየኝ ሰው ደግሞ እኔ በእሷ ላይ ያደረግኩትን ያደርግብኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላም ነገር ነበር፤ ቅጣቱ ይገባኛል የሚል። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። እማማ ሳራ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሱቁን ዘጋሁ። ከፒያሳ አዲስ ከተማ ሰፈራችን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ መንገዱ ጭር ብሏል፤ የሐይቁ ነፋስ ገና አልተነሳም። ዘይነባ ግቢ ውስጥ አንሶላ እያሰጣች ነው። ገና በሩን ስገፋ ሙቀቱ ከደረቴ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መጸዳጃ ቤት ገብቼ እደበቅ ነበር። ያን ቀን ጉልበቱም አልነበረኝም። ሸሚዜን ጎትቼ አወለቅኩና ካናቴራዬንም ጨምሬ፣ ራቁት ደረቴን ለቀን ብርሃን እንደሰጠሁ አንሶላዎቹ መሃል ቆምኩ። በመንፈቅ ውስጥ እንዲህ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ ደረቴ ላይ አረፈ። አልጮኸችም።

«ዘይነባ፣ ወባ አይደለም» አልኳት።

«ወባ አለመሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አለች። «ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩህ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ካንሰሩን፣ ሆርሞኑን፣ ሜትሩን፣ ፔዳሉን፣ ቅርንፉዱን፣ እማማ ሳራን። እትዬ ረውዳ ገብታብኛለች አልኳት። መርፌውን እንዳቆምኩም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ አሁንማ እንባ ለመጥራት ምክንያት አያሻኝም። ስጨርስ እርጥብ ፎጣ ከባልዲው ጨምቃ አመጣች። ለትኩሳት ሰው ፎጣ የሚያደርገው ግንባር ላይ ነው። እሷ ግን ግንባሬን አልነካችም። መጀመሪያ ማጅራቴ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ የእጄን አንጓ ውስጡን፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሙቀቱ ስንት ወር ሙሉ እንዲህ ፈጥኖ ለቅቆኝ አያውቅም።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

ፎጣውን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ጎን አደረገችልኝ። «ማንም። ሰባት ዓመት ነበረብኝ።»

«ምኑ?»

«ይኸው ሙቀት ነዋ።»

ሰባት ዓመት። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። በትዝታዬ ስፈልግ፣ ግድግዳው በኩል ካልተኛሁ ያለችበት ዘመን መጣልኝ። ሱብሂ ሳይደርስ ለውዱ ልትታጠብ ተነስታ ስትቆይ አላህ ይስጣት፣ ሃይማኖቷን አጠበቀች ብዬ ነበር። ክረምት ሲሆን ብርድ ልብሱን ሁሉ ለእኔ ስትተው ደግነቷ መስሎኝ ነበር። «የት ነበርኩ እኔ?» አልኳት።

«አጠገቤ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «የእትዬ ረውዳን ሻንጣ ማን እንዳሰረው ታስታውሳለህ? እኔ ነኝ። ገና የሁለት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ‹እሰሪላት› አልከኝ፣ አሰርኩላት። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ‹አንቺም ሲመጣብሽ እንዳትነግሪው› አለችኝ። ያኔ ምን እንደምትለኝ አልገባኝም። ሲመጣብኝ ገባኝ።»

የሐይቁ ነፋስ መጣና አንሶላው ተነስቶ በመካከላችን ሲያልፍ ፊቷ ለአፍታ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ አንሶላውን በእጇ ያዘችው።

«ነገ መርፌህን ትወጋለህ» አለች። «አንተ እኔን ያልሸኘኸኝ ባታውቅ ነው። እኔ ግን እያወቅኩ አልሸኝህም።»

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ባጃጅ ያዝን። ነጂው ከፊት፣ እኛ ሁለታችን ከኋላ። የሐይቁን መንገድ ስንይዝ ሙቀቱ መጣ። አልተደበቅኩም፤ ቁልፌን ፈታሁ። ዘይነባ ማጅራቴን በእርጥብ መሐረብ ያዘችልኝ። ከዚያ ሳላስበው ወደ ዳር ተጠጋሁ፤ በር እስከሌለው የባጃጁ ጠርዝ ድረስ። መሃላችን የአንድ ሰው መቀመጫ ተከፈተ።

«ምን ሆነህ ነው ወደ ዳር የምትጠጋው? ትወድቃለህ እኮ» አለችኝ።

ቅርንፉዱ ከመሃላችን ሸተተኝ። ዘይነባ ባዶውን ቦታ አየችው፤ ቆይታ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና እሷም በበኩሏ ወደ ዳር ጠጋ አለች።